የምረቃ ፎቶው ላስተማሩት ሰዎች ይድረስ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅድሚያ ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ከአባቴ የወረስኩት ፎቶ ቤት አለኝ። ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ ሥራዬ ሁሉ የተመራቂ ፎቶ ነው።

ጋዜጣችሁም በዚያው ሰሞን «እንኳን ደስ ያለህ»፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ከነፎቷቸው ያወጣል። እነዚህን አንድም ሳልዘል ነው የማነባቸው። ጋዋኑን አያለሁ፣ ፈገግታውን አያለሁ፣ ከሥር ያለውን ስምና የትምህርት ዓይነት አነባለሁ። የሰው ልጅ ተምሮ ሲጨርስ ማየት ደስ ይለኛል። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ፎቶ ማን ዘንድ እንደሚደርስ፣ ማን ዘንድ ደግሞ ሳይደርስ እንደሚቀር ያሳስበኛል።

ወደ እኔ ከሚመጡት ተመራቂዎች ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው ጋዜጣ በማይደርስበት፣ ስማርት ስልክ በሌለበት ቤት ነው ያሉት። የምረቃው ማስታወቂያ ግን የሚታሰበው ለከተማው ሰው ነው። ለጓደኛ፣ ለቴሌግራም፣ ለፌስቡክ፣ ለቲክቶክ። ፎቶው ይለጠፋል፣ ሰው ልብ ይሰጠዋል፣ «ኮንግራ» ይባላል፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር ይመጣበታል። ከብቱን ሸጦ ያስተማረው አባት የልጁን ጋዋን በወረቀት ሳያይ ዓመት ያልፋል።

የጂሲ፣ ማለትም የተመራቂ ክፍል ተማሪ ወጪ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ለምረቃ መቶ ቀን ሲቀር የሚከበር ሃንድረድ ደይ አለ። ከለር ደይ አለ። የባህል ልብስ ቀን አለ። የባቹ ቲሸርት አለ። ፎቶና «ላስት ወርድ» የሚባለው የስንብት ቃል የሚወጣበት የምረቃ መጽሔት አለ። ባነር አለ። ይህን ሁሉ አልቃወምም። ወጣት ናቸው፣ ዓመታት ለፍተዋል፣ ይደሰቱ። እኔም የምተዳደረው ከዚሁ ነው። የምለው ከዚያ ሁሉ ወጪ ውስጥ የጥቂት ወረቀት ዋጋ ለቤተሰብ ይቀመጥ ነው።

አንድ የገበያ ቀን አንድ አባት ወደ ፎቶ ቤቴ ገቡ። በእጃቸው የጎረቤት ልጅ ስልክ ይዘዋል። «እታለም፣ ይችን ልጄን በወረቀት አውጭልኝ» አሉኝ። ልጅቷ የተመረቀችው አምና ነው። ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የኖረ ስክሪንሹት ነበር። ከላዩ ላይ የባትሪው ምልክት ሳይቀር ይታያል። እሳቸው የፈለጉት ለግድግዳ የሚሆን ትልቅ ነው። «አባባ፣ ትልቅ ካደረግነው ፊቷ ይጠፋል» አልኳቸው። ዋናው ፎቶ የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። ያነሳት ጓደኛዋ ስልኩ ጠፍቶበታል። በፖስትካርድ መጠን አተምኩላቸው። ደብዘዝ ያለ ነው። እሳቸው ግን ተቀብለው ሳሙት፣ ከጋቢያቸው ሥር ወደ ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ልጅቷ በቀኑ ከካሜራ ፊት ቆማለች። ጥሩ ፎቶ ነበራት። አባቷ ዘንድ የደረሰው ግን ትርፍራፊው ነው። ይህ በድህነት የመጣ ነገር አይደለም። ቀድሞ የሚያስብበት ሰው ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ለተመራቂዎችና ለታላላቆቻቸው የማውቀውን ልንገራቸው።

መጀመሪያ የቀኑ ነገር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ትምህርቱን ቢጨርስም የመውጫ ፈተናውን ከመቶ 50 አምጥቶ ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። በመጀመሪያው ዓመት ከተፈተኑት ከግማሽ በታች ናቸው ያለፉት። ውጤቱ የሚሰማው ደግሞ ከምረቃው ብዙ ሳይርቅ ነው። ባነሩ ግን ቀድሞ ታዟል፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ተብሎ ታትሟል፣ አገር ቤትም ተነግሯል። ፎቶ ቤቴ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የቀረ ባነር ነበር። ባለቤቱ ሊወስደው አልመጣም። እኔም ደውዬ አልጠየቅኩትም። እንዲህ ያለ ቁስል አይነካም።

ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። ፎቶውን ጋዋኑ እጃችሁ ሲገባ ተነሱት። ጽሑፉ ግን ውጤቱ እስኪታወቅ ይቆይ። ዓመተ ምሕረትም፣ «ተመረቀ» የሚል ቃልም ፎቶው ላይ አይታተም። ያላለፈ ልጅ ደግሞ ተፈትኖ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ያው ፎቶ ሳያሳፍረው ያገለግለዋል። ወላጆችም ብትሆኑ ድንኳን ከመከራየታችሁ በፊት ልጁን ቀስ ብላችሁ ጠይቁት።

ስለ ብርሃኑ አጭር ነገር ልበል። የምረቃ ቆብ ግንባር ላይ ዝቅ ሲል ዓይን በጥላ ይዋጣል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጥቁር ጋዋን ለብሶ ጣና ዳር የቆመ ልጅ፣ ውኃው ከኋላው እያንጸባረቀ፣ ፊቱ አይለይም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ነው። ደመና ከሆነ እሰየው፣ የክረምት ደመና ለፊት ይስማማል። ወላጆች በቦታው ካሉ ጋዋኑን ለእናት አልብሶ አንድ ፎቶ መነሳት አይረሳ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ፎቶ የሚወደድ አላየሁም።

ከተነሱ በኋላ ዋናውን ፋይል ተቀበሉ። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት አሳንሶ ነው የሚያሳልፈው። ስልክ ላይ አይታወቅም። 10 በ15 ሳንቲሜትር ለሆነው ፖስትካርድም ብዙ አይጎዳውም። 30 በ40 አድርጋችሁ ለግድግዳ ልታሳትሙት ስትሉ ግን ነጠብጣብ ይሆናል። ለዚያ መጠን በረጅሙ ጎን 3 ሺህ ያህል ፒክስል ያስፈልጋል። ፎቶ አንሺውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። በፍላሽም ያዙት። ከአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ አትተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ከፎቶው ጀርባ የሚጻፈው ነገር።

አባቴ የፖሊንም የፔዳንም ተማሪዎች ያነሳ ነበር። ፖሊቴክኒኩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ነው። ፔዳ የምንለው የመምህራን አካዳሚው ነው። ሁለቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ነው። በዚያ በፊልም ዘመን ተመራቂው ፎቶውን ሲቀበል እዚያው ባንኮኒው ላይ ገልብጦ ይጽፍበታል። «ይህንን ፎቶግራፍ ለማስታወሻ ያህል ለውድ ወላጆቼ ሰጠሁ» ይላል። ቀኑ አለ፣ ቦታው አለ፣ የሰጪው ስምና ፊርማ አለ። ዛሬ የእነዚያ ሰዎች ልጆች ፎቶውን ለማሳደስ ይዘውልኝ ሲመጡ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ፣ ለማን እንደተሰጠ እናውቃለን። የዛሬዎቹን ፎቶዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያይ ልጅ ምን ያውቃል? ከጀርባቸው የሚነበብ ነገር የለም።

ስለዚህ ይጻፍ። የተመራቂው ሙሉ ስም እስከ አያት። የተማረው ትምህርት። ዩኒቨርሲቲው። የተመረቀበት ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት። የተወለደበት ወረዳና ቀበሌ። የአሁኑ ወረቀት ጀርባው ስለሚያዳልጥ ተራ እስክሪብቶ ይጨማለቃል፣ ተጭነው ሲጽፉም ወደ ፊት ለፊቱ ይወጣል። በቀጭን ማርከር ጽፎ እስኪደርቅ ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

የእናትም ስም ይጻፍ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። በእኛ አጠራር የአባትና የአያት ስም ከልጁ ጋር አብሮ ይሄዳል። ባነሩም ላይ፣ ዲግሪውም ላይ፣ ጋዜጣውም ላይ አባት አለ። እናት ግን የለችም። ስንቅ ቋጥራ ልጇን ትምህርት ቤት የላከች፣ እንቁላልና ጠላ ሸጣ ደብተር የገዛች ሴት በልጇ የምረቃ ማስታወቂያ ላይ ስሟ አይገኝም። «ልጃችን» በሚለው ቃል ውስጥ ተሸፍና ትቀራለች። አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨመረው። «እናቱ ወይዘሮ እገሊት፣ አባቱ አቶ እገሌ» ማለት ነው። ወደ እኔ የሚመጡትን ሁሉ የእናታቸውን ስም እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ ግር ይለዋል፣ ከዚያ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

አረብ አገር ያለችውንም እህት አትርሷት። ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች የወንድሟን የቤት ኪራይና የኪስ ገንዘብ የላከችውን ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ እሷ ራሷ ትምህርቷን ያቋረጠች ናት። ለእሷ የምረቃ ፎቶ በስልክ ይበቃታል ብለን እናስባለን። ለምን ይበቃታል? ስሟ ማስታወቂያው ላይ ይግባ። «እህትህ ከሪያድ» ተብሎ ሳይሆን በሙሉ ስሟ። ዋናው ፋይልም ይላክላት፣ እዚያው ታሳትመዋለች። ከአገር ቤት የሚመለስ ሰው ከተገኘ ደግሞ ወረቀቱ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ይሂድላት።

ስንት ቅጂ ይታተም ለሚለው፣ እኔ ከስም ዝርዝር ነው የምጀምረው። ደንበኛዬን ቁጭ አድርጌ «ማን አስተማረህ?» እለዋለሁ። እናትና አባት ይመጣሉ። አያት ካሉ አያት። ያስጠጋው አጎት። የከተማዋ አክስት። የክርስትና አባት። ከዚያ ዝም ይላል። «አንደኛ ደረጃ ያስተማረህ መምህርስ?» ስለው ፊቱ ይበራል። አንድ ፎቶ ለተማረበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይላክ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። እዚያ ቁጭ ብሎ የሚማር ልጅ ከራሱ ቀበሌ የወጣ ተመራቂ ፊት ያያል።

አላላኩም ያሳስባል። የአገራችን ፖስታ በአብዛኛው የሚሠራው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፣ ገበሬ ደግሞ ሣጥን የለውም። ግን ትምህርት ቤቱ ወይም ወረዳው ሊኖረው ይችላል። ካልሆነም በሰው እጅ ነው። የገበያ ቀን፣ የአውቶብስ ረዳት፣ ለበዓል የሚገባ የአገር ልጅ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ በቴሌግራም የሚላክ ነገር አልነበረም። መንገድ ሲገኝ በሰው እጅ የሄደው ወረቀት ግን ደርሷል።

ወረቀቱ ክረምት ላይ ስለሚጓዝ ከሁለት ካርቶን መሐል አድርጋችሁ በላስቲክ ጠቅልሉት። አዲስ የታተመ ፎቶ በጥቅል መልክ አትላኩ። ፍሬም የምታደርጉ ከሆነ ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ ዙሪያውን ወረቀት ይግባበት። እርጥበት ሲገባ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል፣ ሲያላቅቁት ፊቱ ተልጦ ይቀራል። የገጠር ቤት የምድጃ ጭስ አለው። ፎቶው ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ከፍ ብሎ ይሰቀል።

ድግስ ካለ ቀኑን ከጾሙ ጋር አመዛዝኑት። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል፣ እስከ 16 ድረስ ሥጋ የለም። ጥሪውን ከፎቶው ጋር የምትልኩ ከሆነ ከሐምሌ 5 በኋላ ያለውን ጊዜ ምረጡ፣ ወይም ከፍልሰታ አልፋችሁ ለእንቁጣጣሽ አድርጉት። በአዲስ ዓመት ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። ሙስሊም ጎረቤትና አማች ካላችሁም የእነሱ እርድ አብሮ ይታሰብ። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት፣ ሰዓቱንም «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ብላችሁ ለዩት።

አሜሪካ ያሉ የእኛ ሰዎች በዚህ በኩል የሚማሩበት ልማድ አላቸው። ልጅ ሃይስኩል ወይም ኮሌጅ ሲጨርስ ፎቶው ያለበት የምረቃ ካርድ ታትሞ በፖስታ ለዘመድ ይላካል። ካርዱ ጥሪ አይደለም። የምረቃው አዳራሽ ወንበር በቁጥር ስለሆነ ሁሉም አይጠራም። ካርዱ «ልጃችን ጨርሷል፣ ደስታችንን ተካፈሉ» ብቻ ነው የሚለው። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ለባሕር ዳር አያቶች የመጡ እንዲህ ያሉ ካርዶችን ፍሬም አድርጌ አውቃለሁ። ጥሩ ወረቀት ናቸው። ታዲያ ጽሑፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አያት የልጅ ልጃቸውን ፊት ያያሉ፣ የተጻፈውን ግን ሌላ ሰው ነው የሚያነብላቸው። እባካችሁ ከሥሩ ሁለት መስመር አማርኛ ጨምሩ፣ የአያትየውንም ስም አስገቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ዲግሪውን ራሱን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ይቅር። ቁጥሩ፣ ማኅተሙና ፊርማው ለሐሰተኛ ማስረጃ ሠሪዎች መነሻ ይሆናል። ፊታችሁን አሳዩ፣ ወረቀቱን አስቀምጡ።

አሁን ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ የእንኳን ደስ ያለህ ማስታወቂያ ስትቀበሉ ቅጹ ላይ የእናት ስም የሚሞላበት መስመር ይኑር። ሁለተኛው፣ ሐምሌ ላይ አንድ ገጽ ከቤተሰባቸው መጀመሪያ ለተመረቁ የገጠር ልጆች መድቡ። ማስታወቂያው በገንዘብ እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ የወረቀት ዋጋም እንደናረ አውቃለሁ። አንድ ገጽ ነው የምለምነው። ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ የእናትና የአባት ስም፣ ወረዳና ቀበሌ። ከዚያ የጋዜጣው አንድ ቅጂ ለየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢላክ መምህራኑ ያደርሱታል።

የሙያ ነገርም ልጨምርላችሁ። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል። ጥቁር ጋዋን በጥቁር መጋረጃ ፊት የተነሳ ፎቶ እናንተ ጋ ሲታተም አንድ የቀለም ጓል ይሆናል፣ ጠይም ፊትም አብሮ ይጨልማል። ፎቶ ስትጠይቁ «ከጀርባው ነጣ ያለ ይሁን» ብላችሁ አስታውቁ። ገጹን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ፊቱን ትንሽ ፈካ ቢያደርገው ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

በእኔ በኩል ከዚህ ሰኔ ጀምሮ የምረቃ ፎቶ ለሚያሳትም ሁሉ 13 በ18 የሆነ አንድ ቅጂ ለገጠር ወላጅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አትማለሁ። ከጀርባው የሚጻፈውንም እዚያው ባንኮኒዬ ላይ አጽፈዋለሁ። የሌሎች ከተሞች ፎቶ ቤቶችም ይህን ደብዳቤ ካነበቡ በዚሁ እንዲተባበሩኝ እጠይቃለሁ። ያንን ገጽ ለመመደብ ከወሰናችሁ ቀኑን ቀደም ብላችሁ በጋዜጣችሁ አሳውቁን። የተመራቂዎቹን ፎቶ በጋዜጣ ልክ አዘጋጅቼ በጊዜው እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፎቶ ቤት ባለቤት
ባሕር ዳር